የእትዬ ሳሙና ሸምበቆ

እትዬ ሳሙና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ በሁለት እጇ ባልዲ አንጠልጥላ ትሮጣለች። ባሏ ከኋላዋ የውሃ ጎማውን እየጎተተ ይከተላታል፤ ጎማው በሄደበት ሁሉ ሳፋ ይጠልፋል፣ ሳፋው ይገለበጣል፣ እሱም ሳፋውን ይራገማል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ልጅ ሸምበቆው መሃል፣ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካለች። እጇን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ትነክርና አውጥታ ታሸተዋለች። ከታች፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ ጎረቤታቸው አትክልተኛው በርሜል ደግፎ ቆሟል።

"ሞላ፤ የት ልድፋው?" ይላል።

"እንዳይደፉት" ትላለች ልጅቷ ቀና ሳትል። "ሌላ በርሜል ይደቅኑበት። ገና በረኪና በረኪና ይሸታል።"

በረኪናውን ያፈሰሰችው እትዬ ሳሙና ናት። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳያያት። ዛሬ ከሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ከሸምበቆው ስር የሚወጣውን ውሃ ሊቀዳ ይመጣል፤ የልጅቷ ፕሮፌሰርም ሊያዩ ይመጣሉ። ውሃው ንፁህ ከሆነ ላውንደሪያቸው ስራውን ይቀጥላል፤ ካልሆነ የፍሳሽ መውጫው ይዘጋል። ፍሳሹ መውጫ ያጣ ላውንደሪ ደግሞ በሩን ዘግቶ ከመቀመጥ ሌላ ምን ያደርጋል። እሷም ይህን እያሰበች ነበር እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚፀዳው ሸምበቆውንም ላፅዳው ያለችው።

እትዬ ሳሙና የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም አሁን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ልጅ ሆና በየሰው ቤት እየዞረች ስታጥብ ኖረች። ከዚያ አንድ ሰፊ ግቢ ተከራየች፣ ከዚያ አንድ አሮጌ ማሽን ገዛች፣ ቆይታም ሌላ አሮጌ ማሽን ጨመረችበት። ሁለቱ ማሽኖች አብረው ሲሽከረከሩ ግቢው የሚነሳ ይመስላል። የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ፣ የክሊኒክ ጋዋን፣ የጎረቤት ብርድ ልብስ፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣል። ባሏ ድሮ የህንፃ ዘበኛ ነበር። ዘበኝነቱን አስትታ ካውያ አስያዘችው። ሰፈሩ "ተኳሹ" ይለዋል፤ በዘበኝነት ዘመኑ አንድ ጥይት ተኩሶ የማያውቅ ሰውዬ በስተርጅና ተኳሽ ሆነ ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ቆሻሻ ካየች አያስችላትም። ታክሲ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው የሸሚዝ ኮሌታ ጠቆር ካለ እጇን ይበላታል። አንድ ጊዜ ሳታስበው "አውልቀውና ስጠኝ፣ ነገ ትወስደዋለህ" ብላ ሰውየው ከታክሲው ወርዶ ሄዷል። አንሶላ ከነነጥቡ ለባለቤቱ መልሳ አታውቅም። ነጥቡ እምቢ ካላት ዘፍዝፋው ታድራለች፣ ጠዋት ተነስታ ታየዋለች፣ ታናግረዋለች፣ እንደገና ትዘፈዝፈዋለች።

ችግሩ ከአንሶላው የሚወጣው ቆሻሻ የት እንደሚሄድ አስባበት አለማወቋ ነበር። ውሃው በጓሮ ወጥቶ ቦዩን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የእሷ ጉዳይ አይደለም። ቁልቁል ደግሞ አትክልተኛው አለ። አንድ ቀን ጎመኑ ላይ እንደ ጥጥ የተከመረ አረፋ አገኘ። ጎመኑ ጠወለገ፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን አረረ። መጥቶ በሯን አንኳኳ፤ ተጨቃጨቁ። እሷ ጎመንህ ድሮም የታመመ ነው አለችው። እሱ ሳሙናሽ ነው ያሳመመው አላት። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አመለከተ። ማዘጋጃ ቤቱም ውሃውን አጣርታችሁ ልቀቁ፣ አለዚያ እንዘጋዋለን አለ። በምን እንደሚያጣሩት ግን የነገራቸው የለም።

ልጅቷ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ቀጭን፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚከብድ፣ ስታወራ መነፅሯን ወደ ላይ የምትገፋ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላውንደሪ ፍሳሽ በሸምበቆና በጠጠር ማጣራት ላይ ጥናት እየሰራች እንደሆነ ነገረቻቸው። እዚያ በትንሽ ገንዳ ሰርታው ውሃው ጥሩ ሆኖ ወጥቶላታል፤ አሁን እውነተኛ ቤት ውስጥ፣ እውነተኛ ቆሻሻ ላይ መሞከር ፈልጋለች። ባልየው ጢሙን እያሻሸ ሲሰማት ቆየና፣ እውነተኛ ቆሻሻስ ሞልቶናል፣ እሱን ፍለጋ ከሆነ የመጣሽው ቤትሽ ገብተሻል አላት።

ጓሮው ተቆፈረ። ላስቲክ ተነጠፈ፣ ጠጠር ተሞላ፣ ሸምበቆ ተተከለ። ውሃው በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ በጠጠሩና በሥሩ መሃል ቀስ ብሎ ያልፋል፣ በሌላው ጫፍ በቱቦ ይወጣል። እትዬ ሳሙና መጀመሪያ አላመነችም። ሳርማ ልብስ ካጠበ እኔ ለምን ተወለድኩ አለች። ግን እየቆየ ሸምበቆው ቁመቱ ከሰው በላይ ሆነ፤ ከቱቦው የሚወጣው ውሃም አረፋውን ጣለ፣ ሽታው ጠፋ። አትክልተኛው ለሙከራ አንድ መደብ አጠጣበት፤ ጎመኑ እንደ ዣንጥላ ተዘረጋ። ለመታረቅ ብሎ አንድ እቅፍ ጎመን ይዞላት መጣ። እሷም ለመታረቅ ብላ ካፖርቱን አጠበችለት። ካፖርቱ ግራጫ እንደነበረ ያወቀው ያን ቀን ነው። ጥቁር ይመስለው ነበር።

ልጅቷን ወደደቻት። የእሷ ልጆች ሩቅ ናቸው፤ በስልክ እንጂ በአካል አይገኙም። ይቺኛዋ ግን ጠርሙሶቿን ይዛ ትመጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ አብራቸው ምሳ ትበላለች፣ ማሽኑ ላይ ተደግፋ ታንቀላፋለች። እትዬ ሳሙና ነጩን ጋዋኗን ትቀማትና ታጥብላታለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የእሷን ያህል የነጣ ጋዋን የለበሰ ስላልነበረ፣ ጓደኞቿ አንቺ ሥራ ትሠሪያለሽ ወይስ ፎቶ ትነሺያለሽ ይሏታል አሉ።

ልጅቷ ደጋግማ የምትናገራት አንዲት ቃል ነበረች፤ "ዘላቂ" የምትል። እትዬ ሳሙና አንድ ቀን አንሶላ እያጠፉ ሳለ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ እኔ ተመርቄ ከሄድኩ በኋላም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ማንም መጥቶ ባያየውም የሚሠራ ማለት ነው አለቻት።

"እንደ ባሌ በይኛ" አለች እትዬ ሳሙና።

"ጋሼ መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ እንዴ?"

"ኧረ እሱስ መብራት ሲጠፋ ነው ፊቱ የሚበራው።"

ባልየው ካውያውን አስቀምጦ ምን ሆናችሁ ነው የምትስቁት እስኪል ድረስ ሳቁ።

በረኪናውን በተመለከተ ልጅቷ ገና ከጅምሩ ነግራቸው ነበር። በረኪና የነካው ውሃ ወደ ሸምበቆው አይግባ፣ ለብቻው በርሜል ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቆይ አለች። እትዬ ሳሙና ለምን ብላ ስትጠይቃት፣ ልጅቷ የቸኮለችበት ቀን ነበረና፣ ለጎመኑ አይሆንም አለቻት። እትዬ ሳሙናም ያን ቃል ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ በረኪና የነካው ውሃ አንድ ጠብታ እንኳ ወደዚያ አልሄደም።

ትናንት ነው እንግዲህ። ማሽኖቹን አጥፍታ፣ ነገ ስለሚመጡት ሰዎች እያሰበች ወደ ጓሮ ወጣች። ውሃው በሚገባበት በኩል ጎንበስ ብላ ጠጠሩን ገለጥ አደረገች። ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል፤ ያሙለጨልጫል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ፊቷ በሃፍረት ጋለ። ፕሮፌሰር የሚያህል ሰው መጥቶ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ፣ በእሷ ግቢ ይሄ ሊታይ ነው? ልጅቷስ ምን ትባላለች፣ በቆሻሻ ላይ ነው ወይ የምትመረቂው አይሏትም? በረኪናውን ልታመጣ ሄደች። የጎመኑ ነገር ትዝ አላትና መጀመሪያ የቱቦውን አፍ ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ የጎረቤቷን ጎመን ድጋሚ ማቃጠል አትፈልግም። ከዚያ አንዱን ጀሪካን አንቆርቁራ ጨረሰች። ሲያድር ያነጣዋል፣ ጠዋት አለቀልቀዋለሁ ብላ እጇን ታጥባ ገባች። እንቅልፏም ደህና ነበር።

ጠዋት ልጅቷን በር ላይ ነው የጠበቀቻት። ነይ እዪልኝ፣ ሙሽራ አስመስዬልሻለሁ ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ጠጠሩ እንደታጠበ ጥርስ ነጭ ሆኗል። ልጅቷ ቆማ አየችው። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

"እትዬ፣ ምን አድርገውት ነው?"

"በረኪና ነዋ። ለጎመኑ አትስጊ፣ ቱቦውን ዘግቼ ነው።"

"ዘግተው? ሌሊቱን ሙሉ?"

"አዎ። ደህና አድርጎ ይዞታል።"

ልጅቷ ጠጠሩ ዳር ቁጭ አለች። አልጮኸችም። እትዬ ሳሙና ግን መጮኋን ትመርጥ ነበር። ቀስ ብላ፣ ያ ጥቁሩ ነገር እድፍ እንዳልነበረ ነገረቻት። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፤ ጠጠሩ ላይና የሸምበቆው ሥር ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ። ሸምበቆው ቤት ሰጥቶ ያኖራቸዋል እንጂ ሳሙናውን የሚበሉት፣ እድፉን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

"እነሱ ነበሩ እኮ ሠራተኞቹ፣ እትዬ።"

እትዬ ሳሙና አፏን በእጇ ያዘች። እንደሷው እድፍ ሲያነሱ የሚውሉ ፍጥረታት ጓሮዋ ውስጥ መኖራቸውን የሰማችው፣ በገዛ እጇ ከፈጀቻቸው በኋላ ነው።

"ገደልኳቸው?" አለች።

"አላውቅም። ውሃ እናምጣ" አለች ልጅቷ።

ሩጫው የተጀመረው እንደዚህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ንፁህ ውሃ ከላይ እየሞሉ ከታች በበርሜል ተቀበሉ። አትክልተኛው ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ የእሷን ፊት አየና በርሜሎቹን ይዞ መጣ። ሽታው እየቀነሰ ሄደ፤ ግን ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ደፍርሶ፣ አረፋ ይዞ ነው የሚመጣው። ከነጣው ጠጠር መሃል የገባ ሳሙና እንደገባ ይወጣል፤ የሚበላው የለም።

እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ባልየው ልጅቷን ወደ ማቀዝቀዣው ጠጋ አደረጋት። ውስጡ ባለፈው ሳምንት የቀዳችው ውሃ በጠርሙስ ተቀምጧል፤ ኩልል ያለ፣ የሚጠጣ የሚመስል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይሄም ከዚሁ ቱቦ የወጣ ነው፣ የሌላ ቤት ውሃ አላመጣን፣ ለሰውየው ይሄን ብንሰጠው ሰረቅን አይባልም አላት። እትዬ ሳሙና በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ዝም በል ልትለው ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም። ሁለቱ ማሽኖች፣ የተከመረው አንሶላ፣ በስተርጅና ካውያ የለመደው ባሏ፣ ሁሉም በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ታዩዋት። ጠርሙሷ ለሰውየው እንድትሰጥ ከባሏ እኩል ፈለገች።

ልጅቷ ጠርሙሱን አወጣችው። ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው። ለእሷም ቢሆን ቀላል ነገር አልነበረም፤ የደከመችበት ሁሉ፣ መመረቋም ጭምር፣ እዚያች ጠርሙስ ላይ ነው። ከዚያ መለሰችና ማቀዝቀዣውን ዘጋች።

"ጋሼ፣ እሱን ሰጥተነው ቢሄድ፣ ነገ የሚወጣው ውሃ ጎመኑ ላይ ነው የሚደፋው" አለች።

ባልየው አንገቱን ደፋ። እትዬ ሳሙናም ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ይህ ነገር ለእሷ ሳይታሰባት በመቅረቱ አፈረች።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ በሞተር ሳይክል፣ ፕሮፌሰሩ በእግራቸው አንድ ላይ ደረሱ። ልጅቷ ሳትጠየቅ ነው የተናገረችው። ትናንት በረኪና እንደገባ፣ ውሃው ዛሬ ንፁህ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የራሷ እንደሆነ። እትዬ ሳሙና ኧረ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያፈሰስኩት ብላ ጣልቃ ገባች። ልጅቷ ግን ክንዷን ያዝ አደረገቻትና ቀጠለች። ሰውየው ጠጠሩን አየ፣ ቱቦውን አሸተተ፣ እንደዚህ ንፁህ ንፁህ የሚሸት ቆሻሻ ውሃ አይቼ አላውቅም አለ። የሳቀ ግን ማንም የለም።

ፕሮፌሰሩ ተማሪያቸውን ነው የጠየቁት።

"በረኪና ለምን እንደማይገባ ነግረሻቸዋል?"

"ለጎመኑ አይሆንም ብያቸው ነበር።"

"እሱ ግማሹ ነው።"

"አዎ" አለች ልጅቷ። "ግማሹ ነው።"

ፕሮፌሰሩ ትልቅ ሰው ባይሆኑ ኖሮ እትዬ ሳሙና ልጄን አትቆጧት ትላቸው ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት ለቁጣ አልነበረም። ነጩን ጠጠር በእግራቸው እየነካኩ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ።

"ላውንደሪ ውስጥ በረኪና አንድ ቀን መፍሰሱ አይቀርም። ዛሬ ባይሆን አንቺ ከሄድሽ በኋላ። ከዚያ ማገገም ካልቻለ፣ የሠራሽው ለእኛ ለዩኒቨርሲቲው ግቢ እንጂ ለዚህ ቤት አይደለም። እንግዲህ የሚያገግም ከሆነ እንየው።"

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግም ልሁን ብሎ አልመጣም። ወደ ቦዩ የሚሄደውን ቱቦ ዘግቶ በሽቦ አሰረው። ያየሁትን ነው የምናገረው፣ ውሃው ሲጠራ ጥሩኝ፣ እስከዚያ ግን ከዚህ ግቢ አንድ ባልዲ እንዳይወጣ አለ። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ባልየው የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ሳይታጠብ አስሮ፣ ሌላ ላውንደሪ ፈልጎ ሊያደርስ ወጣ። እትዬ ሳሙና የሰው እድፍ ሳታነሳ ስትመልስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ በሩ ዞራ አላየችም።

ፕሮፌሰሩ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር አሉ። ነፍሳቱ ከዜሮ ተነስተው እስኪበዙ ከመጠበቅ፣ ይህን የሳሙና ውሃ ሲጠጣ የኖረ አሮጌ ጭቃ ከቦዩ ሥር ቢገኝና ጠጠሩ ውስጥ ቢገባ፣ ከጭቃው ጋር ተሸክመን እናመጣቸው ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ትንሽ የሳሙና ውሃ እየሰጡ፣ ከታች የሚጠራቀመውን እየቀዱ ከላይ መመለስ ነው።

"ጭቃ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እኔ ጋ ሞልቷል" አለ አትክልተኛው።

"በጭቃ እግርህ ግቢዬ አትግባ ስልህ ኖሬ" አለች እትዬ ሳሙና።

"እሱን ልልሽ ነበር። ዛሬ ለምነሽኝ ነው የማመጣው።"

"ለምኜሃለሁ፤ ሂድ አምጣ።"

በጋሪ ገፍቶ አመጣው። ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ፣ የሚከረፋ ጭቃ። ልጅቷ ጓንት ሰጠቻት፤ እትዬ ሳሙና ጓንቱን አልፈለገችም። ተንበርክካ በሁለት እጇ አፈሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከጨርቅ ላይ ስትነቅል ኖራ፣ አሁን እየዳበሰች በየጠጠሩ መሃል ታስገባዋለች፤ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንደምታለብስ። ልጅቷም ከጎኗ ተንበረከከች። ያ የነጣው ጋዋኗ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ። እትዬ ሳሙና አየችው፣ እጇንም በላት፤ ግን ሌላ እፍኝ ጭቃ አነሳች።

ፀሐይዋ ከጣሪያው ወርዳ ሸምበቆው ጥላውን ማሽኖቹ ላይ ጥሏል። ማሽኖቹ ዝም ብለዋል። በታችኛው ጫፍ የሚጠራቀመው ውሃ አሁንም ድፍርስ ነው፤ እትዬ ሳሙና በባልዲ እየቀዳች ወደ ላይኛው ጫፍ ትመልሰዋለች። ልጅቷ ዛሬ ይበቃል ብትላትም አልተወችም። በመጨረሻ ባልዲውን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

"ይመለሳሉ?" አለቻት።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"አንቺ እኮ ተምረሻል።"

"ተምሬያለሁ። ግን እንደዚህ የሆነውን አንብቤ አላውቅም።"

እትዬ ሳሙና ጎንበስ ብላ አንዱን ጠጠር አነሳች። ጭቃው ከላዩ ተንሸራቶ ወረደ፤ ከስር ጠጠሩ ነጭ ነው። መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ነፍሳቱ ይይዙት እንደሆነ፣ ውሃው ይጠራ እንደሆነ፣ ሰውየው ሽቦውን መጥቶ ይፈታላቸው እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ ልጅቷም አታውቅም።